የሐሙስ ዶሮ

ኦገስት 4፣ ሐሙስ

ገና በጠዋቱ ሙቀቱ ልብስ ያጣብቃል። የነቃሁት በዘይት ሽታ ነው። አክስቴ ቨርዴል ከንጋት ጀምራ ዶሮ ትጠብሳለች። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እንዲህ ነው። የካውንቲው እስረኞች የቤተ ክርስቲያናችንን መቃብር ሣር ሊያጭዱ ይመጣሉ፣ እሷ ታበላቸዋለች። ዶሮ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ፣ በረዶ ያለበት ሻይ። ቤታችንንና መቃብሩን የሚለየው አንድ የሽቦ አጥር ነው።

"ነይ እነዚህን ሳህኖች ያዥልኝ።"

"አልወጣም።"

"ማን ጦርነት ሂጂ አለሽ? እስከ በሩ ድረስ ነው።"

አልያዝኩላትም። ክፍሌ ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁ። ድምፁን ግን በምን ልዝጋው… ማሽኖቹ ባንድ ላይ ሲያጓሩ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ከማሽኖቹ አንዱን የሚገፋው ወንድሜ ጃርቪስ ነው።

እናታችን የተቀበረችው እዚያው ነው። የሷንም መቃብር ያጭዳል። የሚከፈለው ምንም። አልሄድም ቢል አመክሮው ይሰረዛል። አመክሮው ካልተነካ ኤፕሪል ላይ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ያጭዳል።

አክስቴ ባዶ ሳህኖቹን ተሸክማ ተመለሰች፣ ፊቷ በርቶ። "ወፈር ብሏል። ሁለት ጭን ሰጠሁት፣ ከጎመኑ ስር ደብቄ።"

ዘመድ ከእስረኛ ጋር ማውራት ክልክል ነው። እስረኞቹ የሚያድሩበት ካምፕ ውስጥ ደግሞ መጠየቅ የሚቻለው በስክሪን ብቻ፣ እሱም በክፍያ። ስለዚህ አክስቴ የምታወራው በሳህን ነው። ክንፍ ለማንም ይደርሳል። ጭን የጃርቪስ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በነፃ ጉልበት ሣሯን ታሳጭዳለች፣ በዶሮ ታመሰግናለች። ሁሉም ደግ ነገር እየሠራን ነው ይላል… ይህን ለአክስቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? እሷ ጃርቪስን የምታይበት ሌላ ቀን የላትም።

ኦገስት 6፣ ቅዳሜ

ለምርጫ ዘመቻው በር ስናንኳኳ ዋልን። ሚስተር ፐርቪስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አየኝ፣ አልተነሳም።

"የምትሸጪው ምንድን ነው ልጄ?"

"አልሸጥም ሚስተር ፐርቪስ። ስለ ኖቬምበሩ ምርጫ ነው። ከግዛታችን ሕገ መንግሥት ውስጥ ባርነትን ለማስወጣት።"

ሳቀብኝ። "ባርነትን? እሱን ቅድመ አያቶቼ አስወጥተውታል። ዘገየሽ።"

ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ፈለገ፣ ግንባሩ ላይ ነበር። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ባርነትና የግዳጅ ሥራ የተከለከለ ነው፣ ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር። መለሰና ከላይ ጀመረ።

"ይሄ ዛሬም ይሠራል?"

"ዛሬም።"

"እኔ የልጅ ልጅ እያየሁ?"

 ይሄን ሁሌም አየዋለሁ፤ ሰው ሲያነበው ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር። ቁጣ አይደለም በመጀመሪያ። እፍረት ነው። ቤቱ ውስጥ እባብ ኖሮ ሳያውቅ የተኛ ሰው እፍረት።

"አንቺስ ምን አገባሽ? እንዲህ የተማርሽ ልጅ…"

"ታስሬ ነበር።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የኦዴሳ።"

"አይ ኦዴሳ…" አለና ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። "እመርጣለሁ። ጎረቤቴንም አስመርጣለሁ፣ ባይወድም።"

የቀረውን በየበሩ አልናገርም። እዚህ ግን ልጻፈው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ የሰው መኪና ውስጥ፣ ያልከፈትኩት ሻንጣ ፖሊስ አገኘ። ሦስት ዓመት ፈረዱብኝ። የሴቶቹ ወህኒ ለዶሮ ፋብሪካ አከራየኝ። በቢላ የዶሮ ደረት ስለይ እውል ነበር፣ ገንዘቡን ወህኒው ይቀበላል። እናቴ ልትሞት ነው ሲሉኝ ይህን ሳምንት አልሠራም አልኩ። አመክሮዬን ቀነሱ፣ እስሬ ረዘመ። እናቴ የሞተችው በዚያ በጨመሩብኝ ጊዜ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዶሮ አልበላም።

ኦገስት 9

ካሚል ከዋና ከተማው ደወለች። የዘመቻው ጠበቃ እሷ ናት። "በዚህ ካውንቲ ከአንቺ በላይ ሰው ያሳመነ የለም" አለችኝ። ደስ አለኝ። ከዘጋሁት በኋላ ትዝ አለኝ… እኔ ራሴ መምረጥ አልችልም። በአመክሮ የወጣ ሰው በዚህ ግዛት ድምፅ የለውም።

ለሌላው ሰርግ የምደግስ ላጤ።

ኦገስት 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ሳህን ይዤ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ምናልባት መጋረጃው ስለሰለቸኝ።

እስረኞቹ ነጭ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ላባቸው ጀርባቸው ላይ ካርታ ሠርቶ። ዋርድያው ቦይድ በቫኑ ጥላ ስር ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። አክስቴን "ቨርዴል" ነው የሚላት፣ እንደ እኩያው። እድሜዋ የእናቱ ነው።

ጃርቪስ እናታችን ድንጋይ ጋ ሲደርስ የማሽኑ ሞተር ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ምላጩ ላይ የተጠቀለለ ሣር የሚያወጣ መሰለ። ምንም ሣር አልነበረም። እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ… እንደ ትከሻ።

"ምን ሆነ እዚያ? ሞተሩ ለምን ቆመ?" ቦይድ ከወንበሩ ሳይነሳ።

"ሣር ያዘው ጌታዬ።"

"ቶሎ በል!"

ማሽኑ ተነሳ። ጃርቪስ ቀና ሲል አየኝ። አንድ ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ፣ ልጅ ሳለን እናታችን ስትቆጣን እንደሚያደርገው። ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ልጮህም እንዲሁ።

ሳህኑን እየተቀበለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "ያሸንፋል?" አለ። ስለ ምን እንደሆነ ገባኝ።

"ያሸንፋል።"

"አትንጫጩ!" አለ ቦይድ።

ኦገስት 21፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ፓስተር ሜሪዌዘር ቢሮ ገባሁ። የሚመጣው እሑድ የዓመቱ የመመለሻ በዓላችን ነው። ከቺካጎ፣ ከዲትሮይት የሄዱት ሁሉ ይመጣሉ። በዚያ ቀን ከመድረክ ስለ ሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ አንድ ቃል ይናገሩልኝ አልኳቸው።

ጣታቸውን አቆላለፉ። "ሹሙ ደውሎልኝ ነበር።"

"የቱ ሹም?"

"የካውንቲው ኮሚሽነር። በጣም በትህትና። 'ፓስተር፣ እነዚያን ልጆች የምንልክላችሁ ስለምንወዳችሁ ነው' አለኝ። 'ፖለቲካ ውስጥ ከገባችሁ ግን ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ብንልካቸው ይሻላል።' እንዲህ ነው ያለው።"

"ታዲያ ይላኳቸዋ! ሣር እኛ ማጨድ ያቅተናል?"

"ሣሩ አይደለም ልጄ።" ወደ ወጥ ቤቱ አቅጣጫ ተመለከቱ። አክስቴ እዚያ ድስት ታጥባለች። "ሣሩ መሰለሽ?"

በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። 

ማታ በራት ላይ አክስቴ ቀድማኝ ጀመረች። "ፓስተሩን ምን አልሽው?"

"የሚያስፈልገውን።"

"እስከ ኤፕሪል ታገሺ። አንቺ ግዛት ልታድኚ ነው፣ እኔ አንድ ልጅ ነው የማየው። ኤፕሪል ይውጣልኝና ከፈለግሽ የግዛቱን ምክር ቤት አቃጥዪው።"

"ምርጫው ኖቬምበር ነው አክስቴ። ኤፕሪልን አይጠብቅም።"

"እሱም ኖቬምበርን አይበላም።"

ሹካዋን አስቀምጣ ተነሳች።

ኦገስት 28፣ እሑድ

የመመለሻ በዓሉ ዛሬ ነበር።

ድንኳኖቹን ትናንት እስረኞቹ ተክለዋቸው ሄዱ። ዛሬ ከስራቸው ሦስት ትውልድ ተቀምጦ በላ። ባርኔጣ፣ ሽቶ፣ "አንቺ ልጅ እንዴት አደግሽ"፣ የስኳር ድንች ኬክ። መዘምራኑ ጨረሱ። ፓስተሩ፣ "የሚመሰክር አለ?" አሉ። ሁሌም የሚጠየቅ ነው። ማንም ተነስቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፣ ማንም አያቋርጠውም። የቤቱ ሕግ ነው።

ተነስቼ ማይኩን ያዝኩ።

"የኦዴሳ ልጅ ሬኒታ ነኝ" አልኩ። "ከዲትሮይት የመጣችሁ፣ ጥላው ተመቻችሁ?"

"አሜን!" አሉ፣ ሳቁ።

"ማን የተከለው ይመስላችኋል?"

እርስ በርስ ተያዩ።

"ወንድሜ ጃርቪስ ነው። ትናንት በዚህ ፀሐይ። ዛሬ ግን ከስሩ ሊቀመጥ አይፈቀድለትም። አልተክልም ቢል ኤፕሪል አይወጣም። የእናቱን መቃብር ያጭዳል፣ ቆሞ መጸለይ ግን አይችልም። እኛ ዶሮ ሰጠነው። አያቶቻችንንም ጌቶቻቸው በገና ቀን የአሳማ ሥጋ ይሰጧቸው ነበር።"

ማራገቢያዎቹ ሁሉ ቆሙ። አክስቴን ማየት አልቻልኩም።

አንድ ሰው ከኋላ ቀስ ብሎ፣ "ተናገሪ ልጄ" አለ። ሚስተር ፐርቪስ።

ሕጉን ነገርኳቸው። ቀኑን ነገርኳቸው። ተቀመጥኩ። ፓስተር ሜሪዌዘር መሐረባቸውን አወጡ፣ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ፣ "ምስክርነቱ እውነት ነው። በኖቬምበር ይህ ቤት 'አዎ' ይላል" አሉ።

ጭብጨባ ነበር። ዲያቆን ፒክንስ ብቻ አላጨበጨበም። የግቢው ጉዳይ የሱ ነው። "መልካም" አለኝ ሲያልፈኝ፣ "ማጭድሽን ሳዪ።"

አክስቴ እስካሁን አላናገረችኝም።

ሴፕቴምበር 1፣ ሐሙስ

አልመጡም።

አክስቴ እስከ ቀትር በረንዳው ላይ ቆመች። ዶሮው ጠረጴዛው ላይ በረደ፣ ዘይቱ ነጭ ሆኖ ረጋ።  ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሴፕቴምበር 7

ጃርቪስ ደወለ። ወደ ዶሮ ፋብሪካው አዙረውታል። እኔ ከሠራሁበት ሳይሆን ሌላ። በሕይወት ያለውን ዶሮ በእግሩ አንጠልጥሎ ሰንሰለት ላይ መስቀል ነው ሥራው።

"ይቧጭራሉ፣ ይ… ያው ታውቂዋለሽ። ፊት ላይ ነው የሚለቁት" አለና ሳቀ። "ለአክስቴ ንገሪያት። ዶሮ አስጠልቶኛል በያት። ስወጣ አሳማ ትጥበስልኝ።"

"ይቅርታ ጃርቪስ።"

"ለምን? ድንኳኑን ማን እንደተከለ ተናገርሽ አይደል? ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስሜን በማይክ ጠራው። ዳኛው ሳይቆጠር።"

መስመሩ ተቋረጠ። ሁሌም ጨዋታው ሲጣፍጥ ነው የሚቋረጠው።

ኦክቶበር 3

የማሻሻያው ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለቀቁ። "ወንጀለኞች ተኝተው እርስዎ ሲሠሩ ይወዳሉ?" ይላል። የሚያሳየው ጥቁር ሰው አልጋ ላይ። ማን ሊሆን ይችላል… ምናልባት ተዋናይ ነው። ምናልባት እሱም አልተከፈለውም።

ኦክቶበር 15፣ ቅዳሜ

ጫማዬ ተቀደደ። በዚህ ሳምንት በሩን በፊቴ የዘጋው ሰው፣ ሰዓት ብጠይቀውም የሚዘጋ ዓይነት ነበር። አንዲት ሴት ግን ወረቀቱን ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጠፈችው፣ ከልጇ ፎቶ አጠገብ። የልጇ ልብስ ነጭ ነበር። አልጠየቅኳትም።

ኖቬምበር 8፣ ማክሰኞ

ከጠዋት እስከ ማታ ሽማግሌዎችን በመኪና ወደ ምርጫ ጣቢያው አመላለስኩ። ሁሉም "መረጥኩ" የሚል ተለጣፊ ደረታቸው ላይ። ሚስተር ፐርቪስ የሱን አንስቶ ሊለጥፍልኝ እጁን ዘረጋ።

"አይ፣ አልችልም።"

"ተለጣፊ ምን አለበት?"

"ውሸት ይሆንብኛል።"

ቆይቶ፣ "እንግዲያው መኪናው ላይ እንለጥፈው፤ እሱ ሠርቷል" አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፈው።

አክስቴን በመጨረሻ ወሰድኳት። ተመልሳ ቀበቶዋን ስታስር፣ "ምን ላይ ምልክት አደረግሽ?" አልኳት።

"የኔና የእግዜር ነው።"

እዚህ ድረስ ጽፌ ስልኩ ጮኸ። ካሚል ናት፣ ታለቅሳለች። አሸነፍን። በብዙ!

ኖቬምበር 10

ለጃርቪስ በስልክ አዲሱን ዐረፍተ ነገር አነበብኩለት። "በስተቀር" የለም። ባርነትና የግዳጅ ሥራ በዚህ ግዛት የተከለከለ ነው፣ ነጥብ።

"ድገሚው።"

ደገምኩለት።

"መቼ ነው የሚጸናው?"

"ከጃንዋሪ መጀመሪያ። ከዚያ በኋላ ሊያስገድዱህ አይችሉም።"

"ሊያስገድዱኝ አይችሉም" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ አፉ ውስጥ እንደሚያላምጠው።

ጃንዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት ለፋብሪካው ሲቀሰቅሱት "አልሄድም" አላቸው። ዐረፍተ ነገሩን በቃሉ አነበነበላቸው። 

የዋርድያው አለቃ መልስ ምን መሰለህ፣ ማስታወሻዬ? "ሥራ ማን አስገደደህ? ለመሰለፍ አዘዝንህ፣ አልተሰለፍክም። ይህ ትእዛዝ መጣስ ነው።" ተከሰሰ። ከካምፑ ወደ ግዛቱ ትልቅ ወህኒ ወሰዱት፣ ለብቻው ዘጉበት። አመክሮው ተሰረዘ።

ኤፕሪል የለም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ እስረኛ እናት ነው። እኔ በየበሩ የተሸከምኩት፣ እኔ በስልክ ያነበብኩለት ሕግ ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ… ሣሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ጃንዋሪ 5

ካሚል፦ "እንከሳቸዋለን። ጠንካራ መዝገብ ነው።"

"ምን ያህል ይፈጃል?"

"ሁለት ዓመት። ምናልባት ሦስት።"

"እሱ የቀረው ያን ያህል አልነበረም።"

 

ጃንዋሪ 8፣ እሑድ

አክስቴ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፦ "አንቺ ሕግ አነበብሽለት። እኔ ጭን እሰጠው ነበር።"

ከዚህ በላይ ማን ምን ሊለኝ ይችላል?

ጃንዋሪ 22

መጻፍ አስጠላኝ።

ፌብሩዋሪ 11፣ ቅዳሜ

ጃርቪስ ደወለ! ለብቻው ከዘጉበት ክፍል አወጡት። ድምፁ ቀጥኗል። እጄ እርጥብ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ በድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። አክስቴ ማዶ አተር ትፈለፍላለች፣ የማትሰማ መስላ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁህ" አልኩት።

"እስቲ ዝም በይ ኒታ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው የኔን ነገር ሁሉ ያንቺ የምታደርጊው?"

"እኔ ባላነብልህ…"

"ማንበብ እኮ እችላለሁ። እዚያ ካምፕ ውስጥ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። እያንዳንዳችን ጠዋት ጠዋት እንነሳለን፣ ጫማችንን እናስራለን፣ እንሰለፋለን። ሰባት ዓመት ታስሬ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። 'እሺ ጌታዬ' ብቻ። ያን ቀን 'አልሄድም' አልኩ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ አይደል? ግን እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግርሽ አልችልም። ከአክስቴ ጎመን ይበልጣል።"

"ምን አልክ?" አለች አክስቴ።

"ወይኔ! እዚያ ነሽ እንዴ?"

"ከጎመኔ ይበልጣል?"

"ጥቂት ነው የሚበልጠው አክስቴ። በጥቂት።"

አክስቴ መፈልፈሏን አቆመች። "ርቦሃል?"

"ሁሌም።"

"በርዶሃል?"

"ትንሽ። ግን አልጸጸትም። እንዳታለቅሺ፣ አልጸጸትም።"

መስመሩ ተቋረጠ። አክስቴ አላለቀሰችም። አተሩን ፈልፍላ ጨረሰች፣ ቅርፊቱን ጠራረገች። ከዚያ፣ "ኖቬምበር ላይ 'አዎ' ነው ያልኩት" አለች። "እንድታውቂ ብዬ ነው።"

ማርች 26፣ እሑድ

የአባላት ስብሰባ። ሣሩ በብርዱ ሞቶ ነበር፤ አሁን ተነሳ። የዱር ሽንኩርቱ ጉልበት ደርሷል። የድንጋዮቹ ስም አይነበብም።

ዲያቆን ፒክንስ ተነሳ። "ኮሚሽነሩን አነጋግሬዋለሁ። ይቅር ብሎናል። ከፋሲካ በኋላ ልጆቹን ይልካል። አሁን ደግሞ በፈቃዳቸው ነው፣ ሕጉ ተቀይሯል።"

"በፈቃዳቸው?" ብዬ ብድግ አልኩ። "ወንድሜ ፈቃዱን ተናገረ፣ ያለበትን ታውቃለህ!"

"ልጄ፣ የምትናገሪው ያማረ ነው። ቅር አይበልሽና… አንድ ቀን ማሽን ነክተሽ ታውቂያለሽ? ልጆቹ ከቀሩ ጀምሮ የእናትሽን መቃብር ማን አጨደ? በኦክቶበር የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ወገቤ።"

እንደ ጥፊ መታኝ። እውነት ነበራ። በየካውንቲው ስሮጥ፣ የእናቴን ድንጋይ ሣር ዋጠው።

ፓስተሩ እስረኞቹ ይምጡ አይምጡ በሚለው ድምፅ አሰጡ። በቤተ ክርስቲያን እኔም አባል ነኝ፤ በዚህ ምድር ላይ ያለኝ ድምፅ እሱ ብቻ ነው። እጄን አነሳሁ። ሚስተር ፐርቪስም፣ ሌሎችም። አልበቃም። በሦስት ድምፅ ተሸነፍን። ሳይጨክኑ፣ ሳይቆጡ፣ "ኧረ ልጆቹም ይበላሉ፣ ንፋስ ያገኛሉ" እያሉ መረጡ።

አክስቴ እጇን ለማንም አላነሳችም። ስንወጣ ሚስተር ፐርቪስን እጁን ይዛ፣ "ማሽንህ ይሠራል?" አለችው።

ኤፕሪል 13፣ ሐሙስ

ይህ ጃርቪስ መፈታት የነበረበት ሳምንት ነው።

ከማክሰኞ ጀምሮ አጨድን። የሚስተር ፐርቪስ ማሽን ገመዱ አሥር ጊዜ ሳይጎተት አይነሳም። እኔ እገፋለሁ፣ አክስቴ ባርኔጣዋን አድርጋ በመቀስ የድንጋዮቹን ዙሪያ ትከረክማለች፣ እሱ ወንበር ላይ ሆኖ "ግራውን ዘለልሽው" ይለኛል። የዱር ሽንኩርቱ ሽታ ጸጉሬ ውስጥ ገብቷል። እናታችን ጋ ስደርስ ማሽኑን አጠፋሁት። ማንም ለምን ቆመ አላለኝም። የፈለግኩትን ያህል ቆምኩ።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ረድፍ ጨረስን። አክስቴ ከዚያ በፊት ዶሮውን ጠብሳ ነበር። አልገባኝም፣ አልጠየቅኩም።

ቫኑ መጣ። ቦይድ ወረደና ወዲያና ወዲህ አየ።

"ቨርዴል፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሣር ነው። ታጭዶ።"

"እኛ ልናጭድ ነው የተላክነው። የጠየቃችሁት እናንተው ናችሁ።"

"ይጠይቁ። የሚታጨድ የለም።"

ቁልፉን አሽከረከረ። "መልካም። እንመለሳለን።"

"ሳይበሉ?"

"ሳይሠሩ? እናንተ ጋ ራሱ ይሰበካል፣ ያልሠራ አይብላ።"

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ያን የተናገረው ሐዋርያ ድንኳን እየሰፋ በገዛ እጁ ነው ያደረው። አንተ እስከ ዛሬ ምን ሰፋህ?"

ቫኑ ውስጥ አንዱ ሳቁን ሳል አስመሰለው። የቦይድ ጆሮ ቀላ። አክስቴ መልሱን አልጠበቀችም፤ ሳህኖቹን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። እኔ በአመክሮ የወጣሁ ነኝ፣ አንድ ቃል ከዋርድያ ጋር ብለዋወጥ ወዴት እንደምመለስ አውቃለሁ። ግን ሳህኑ እጄ ላይ ነበር።

"ሚስ ቨርዴል…" አለ ቦይድ። ሚስ! "እንዲህ አይደረግም።"

"ልትከለክለኝ ነው?"

እሷን አየ። እኔን አየኝ። ሚስተር ፐርቪስን፣ ስልኩን እንደ ካሜራ ይዞ የቆመውን አየ። ሽማግሌው ካሜራ መክፈት እንደማያውቅ ቦይድ አላወቀም። ወደ ፊት ወንበሩ ሄዶ በሩን ዘጋ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሉተር ነው፣ ከጃርቪስ ጋር ያጭድ የነበረው፣ ጢሙ የሸበተ። ሳህኑን ተቀበለኝ። እንደሚያመሰግነኝ ነበር የመሰለኝ።

"ይህን ሐሙስ ቀን እየቆጠርን ስንጠብቅ ነበር" አለኝ። "ውጪ የምንወጣበት እሱ ብቻ ነው። ምናለ ጥቂት ሣር ብታስቀሩልን?"

 ያ ሁሉ ዘመቻ፣ ያ ሁሉ በር፣ ያ ሁሉ ዐረፍተ ነገር… ለዚህ ሰው የሚሆን አንድ ቃል አልነበረኝም።

አክስቴ ናት የመለሰችለት። "ሣሩ የኛ ነው ልጄ። ዶሮው ያንተ ነው።"

ሉተር አያት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና መብላት ጀመረ።

ሄዱ። ማሽኖቻቸው ከቫኑ ኋላ እንደታሰሩ ነበር፣ አልወረዱም።

አንድ ሳህን ተርፎ ነበር። ጎመኑን ገለጥኩት። ከስር ሁለት ጭን። አክስቴ እናታችን ድንጋይ አጠገብ ተቀምጣ አንዱን በላች። ሌላውን በወረቀት ጠቀለለችው። ለማን ነው አላልኳት። እኔ ዶሮ አልበላም፣ ዛሬም አልበላሁም።

"በሁለት ሳምንት ይመለሳሉ" አለች። "ፒክንስ አይተውም።"

"ረቡዕ እንጨርሰዋለን።"

"ማክሰኞ። ረቡዕ ዶሮ እገዛለሁ።"

አሁን ብዕሩን ስይዝ ያመኛል። መዳፌ በሁለቱም በኩል ተልጧል፣ ውሃ ቋጥሯል። ማንም አላዘዘኝም።